አስታጣቢ የማያስፈልገው መላጫ

አባቴ ጢሙን ሲላጭ መስታወት አይፈልግም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ሰበታ የመጣው ለትምህርት ነበር፤ ተማረ፣ እዚያው መምህር ሆነ፣ አገባ፣ ወንድሜንና እኔን ወለደ፣ ጡረታ ወጣ፤ ከሰበታ ግን አልወጣም። ጠዋት ግቢያችን ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ይልና በግራ እጁ ጣቶች ጉንጩን እየዳሰሰ በቀኝ እጁ መላጫውን ያስከትላል። ጣት ይቀድማል፣ ምላጭ ይከተላል፣ ከዚያ ጣት ተመልሶ ይፈትሻል። ዓይን ያላቸው የሰፈራችን ወንዶች አገጫቸው ሥር የተረሳ ጸጉር ይዘው ሲወጡ አባቴ ግን እንደተላጠ እንቁላል ለስልሶ ይወጣል። «ራሴን የቻልኩ ሰው ነኝ» ማለት ይወዳል። ያላመነው ሰው ካለ ጉንጩን ያስዳስሰዋል።

እናቴ የሞተች ጊዜ ጢሙን ተወው። በእኛ ቤት ልማድ ሐዘን ላይ ያለ ወንድ እስከ አርባው ድረስ አይላጭም። ለቀስተኛው እየቀለለ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ወደ እድሩ ተመልሶ እኔና አባቴ ብቻችንን የተቀመጥን ዕለት ጢሙን እያሻሸ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነጭ ነው» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጢሙን ለቀቀና «እናትሽ አንድ ሁለት ብቻ ነው ብላኝ ነበር» አለ።

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ሐዘንም ሲይዘኝ የሚወጣው በንዴት በኩል ነው። በዚያ ሰሞን ሳህናችንን ወስዶ ባልመለሰው ጎረቤት ተናድጃለሁ፣ «ቻይው» ባለኝ ሁሉ ተናድጃለሁ፣ እናቴ ላይ ሳይቀር ተናድጃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የምናደደው በወንድሜ ነበር። ወንድሜ ሱሉልታ ቤት ሠርቶ ከነሚስቱ የሚኖር፣ ከእኔ የሚበልጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ደግ ነው። ደግነቱ ግን መተንፈሻ አይሰጥም። እናታችን በተቀበረች በሳምንቱ ለአባቴ ክፍል አዘጋጅቶ፣ አልጋ አስገብቶ፣ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅሎ ነበር። መጋረጃው ለማን እንደሆነ ስጠይቀው ተቀየመኝ።

አባቴ ሱሉልታን አይጠላም። «ብርድ ነው» ይላል እንጂ ክፉ ነገር አይናገርም። ነገር ግን ሰበታ ውስጥ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ እያንዳንዱን ድንጋይ በዘንጉ ያውቀዋል። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ «መምህር» ብሎ ይጠራዋል፤ ግማሹ ያስተማረው ነው፣ ግማሹም የተማሪው ልጅ ነው። ሱሉልታ ሲሄድ ይህ ሁሉ ይቀራል። ሰበታ ውስጥ አባቴ መምህር ነው፤ ሱሉልታ ሲገባ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይሆናል። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። «ማን ያየዋል ታዲያ? አንቺ ቡራዩ ነሽ» አለኝ።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ እሁድ ነው። ሦስታችንም ቤት ነበርን። አባቴ መላጫዬን አምጪልኝ አለኝ፤ አርባው ሳይደርስ ምላጩ ስል መሆኑን ማወቅ ፈልጎ ነው። መላጫው እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። ድሮ በየቤቱ የነበረው የብረት መላጫ ነው፤ እጀታ አለው፣ በእጀታው ላይ ዝርግ ብረት ይቀመጣል፣ በዝርጉ ላይ ምላጩ፣ በምላጩ ላይ ቆቡ። እጀታውን ስታዞሩት ሁሉም ይለያያል። አባቴ አዞረው። ቆቡ ጭኑ ላይ ወደቀ፣ ምላጩ ሲንሸራተት ሊይዘው እጁን ሰደደ፣ ምላጩም የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ጫፉ ላይ ቆረጠው። ያ ጣት ብሬል የሚያነብበት ጣት ነው።

ወንድሜ ሶፍት ይዞ ሮጠ። ደሙን እየጠረገ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን ሳያሰማ «አባዬ፣ ይህን ነገር ፈትተኸው ታውቃለህ?» አለው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ራሴ ነኝ የምላጨው።»

«መላጨቱንማ አንተ ነህ። የምታጥበው እማዬ ነበረች። ምላጭ የምትቀይረው እሷ ናት፣ የምታደርቀው እሷ ናት። ስትላጭ በግራህ ቆማ የምታስታጥብህ እሷ ናት።»

እውነቱን ነው። ለእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ የነበረችን ኩስኩስት ጠዋት ጠዋት የአባቴ መላጫ ማስታጠቢያ ነበረች። እሱ አንድ ሁለቴ ይስባል፣ ክንዱን ወደ ግራ ይዘረጋል፣ እናቴ ውሃ ታንቆረቁርለታለች፣ መላጫውን ታራግፍለታለች፣ እሱ ደግሞ ይቀጥላል። አይነጋገሩም። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ነገር ግን ሥራ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። አባቴም አላሰበውም መሰለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

በመጨረሻ የተናገረው እሱ ነው። «በአርባው ጠዋት ማንም ሳይነካኝ ራሴን ተላጭቼ ከጨረስኩ እዚህ እቀራለሁ። ካልቻልኩ ሻንጣዬን መኪናህ ላይ ጫን» አለው። ወንድሜ ተስማማ።

«መላጫውን እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በንዴት ያልኩት ነው፤ ብቻ ተናግሬ አገኘሁት።

መሥራቱስ ሥራዬ ነው። ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ብሎኬት ማምረቻና የብየዳ ቤት መሃል ባለ ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው የምውለው። የወፍጮ ዘንግ እናስተካክላለን፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎን እናወጣለን፣ ለውሃ ፓምፕ የጠፋ ዕቃ ቀርጸን እንተካለን። ደንበኛ ሲገባ እኔን አልፎ «ባለሙያው የለም?» ይላል። «አለሁ» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ደስ አይለንም። ዘንግ ሌላ፣ መላጫ ግን ሌላ ነው። ጢም ተላጭቼ አላውቅም። የምላጭ ነገር የማውቀው እርሳስ ስቀርጽበት የነበረውን ያህል ነው።

ስለዚህ አብሮኝ ከሚሠራው ልጅ ጋር ተማከርኩ። ከወላይታ የመጣ ነው፤ ሙሉ ጢም ያበቅላል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስለሚዘምር ቅዳሜ ማታ ይላጫል። «ኢንጂነር፣ ለምን የሚጣለውን ፕላስቲክ አትገዢላቸውም?» አለኝ። «ኢንጂነር» የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው። ፕላስቲኩን ገዝተን እሱ ላይ ሞከርነው። የሳምንት ጢም ሲሆን ይሠራል። ሁለት ሳምንት የቆየ ጢም ሲሆን በምላጮቹ መሃል ጸጉርና አረፋ ተጠቅጥቆ አንድ ሁለት ጊዜ እንደሳበ ይደነዝዛል። እሱ በጥርስ ብሩሽ ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ አባቴ ግን በምን ያወጣዋል? በዚያ በተቆረጠ ጣቱ? ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴን መላጨት አይቸግረውም። የሚቸግረው ማጽዳት ነው።

የድሮውን የብረት መላጫ ሞርሳ ላይ አስሬ አጠናሁት። ጸጉሩ በምላጩና ከሥሩ ባለው ዝርግ መካከል ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ስለዚህ መውጫ እሰጠዋለሁ አልኩ። ከአሮጌ የቧንቧ መዝጊያ ነሐስ ቆርጬ አዲስ ዝርግ ሠራሁ፤ መሃሉን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ምላጩ የሚያርፍባቸውን ጠርዞች ብቻ አስቀረሁ። በሞረድ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ልጁ የቶርኖ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ታንከር ሥር ተላጨበት፤ ቧንቧውን ከፍቶ መላጫውን ሥሩ ሲይዘው ውሃው ከላይ ገብቶ ጸጉሩን ሁሉ ጠርጎ በታች ወጣ። ምንም መፍታት የለ፣ ምንም መፈልቀቅ የለ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ትንሽ ተኮፈስኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው ወደ ሰበታ ወረድኩ። አባቴ ገና ሐዘን ላይ ስለሆነ ራሱ መላጨት አይችልም፤ ስለዚህ የወላይታውን ልጅ ታክሲ እየቀያየርን ይዤው ሄድኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እሱ ይላጫል፣ አባቴ ያጥባል።

«የሰው ጢም ላጥብ ነው?» አለ አባቴ።

«ለልምምድ ነው አባዬ።»

«ተማሪም ሆኜ እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም።»

ልጁ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አንድ ጉንጩን ላጨና መላጫውን ለአባቴ አቀበለው። አባቴ ኩባያ ውስጥ ነከረው፣ አማሰለው፣ አወጣው። ዳሰስኩት፤ ጸጉሩ እዚያው ነው። ደግሞ ነከረው። ይባስ ብሎ ኩባያው ላይ የተንሳፈፈው ጸጉር ተመልሶ ገባበት። ያን ጊዜ ብቻ ነው አፌን ይዤ የቀረሁት። እኛ ሰፈር ቧንቧ አለ፤ ውሃ ግን ሲመጣ ነው የሚመጣው። ባልመጣበት ቀን ሁሉ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ኩባያ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ በኩባያ ፊቴን እየታጠብኩ አድጌ፣ ቡራዩ ካለው ታንከር ሥር ቆሜ የቧንቧ መላጫ ሠራሁ።

አባቴ መላጫውን በእጁ አገላብጦ ዳሰሰው። «ጎበዝ ነሽ። ግን ይህ ቧንቧ ላለው ሰው ነው» አለኝ። ሙገሳው ከወቀሳው ይበልጥ አናደደኝ።

ዕቃዬን ሰብስቤ በሩ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ጎረቤታችን ከአጥራቸው ማዶ በኦሮምኛም በአማርኛም «ቢሻን ዱፌ፣ ባርሲሳ! መምህር፣ ውሃ መጥቷል፣ በርሜልዎን ያስሞሉ» ብለው ለአባቴ ተጣሩ። የወላይታው ልጅ ግማሽ ፊቱን እየዳበሰ «እንግዲያው የቀረውን ልጨርስ?» አለ።

«አትጨርስም» አልኩት። «መላጫ የውሃን ቀን የሚጠብቅ ከሆነ ምን ይሠራል?» ብዬ ጎትቼው ወጣሁ። እስከ ቡራዩ ድረስ ታክሲ ውስጥ በማስክ ተሸፍኖ ሄደ። ማታ የቀረውን በዚያ በፕላስቲኩ ላጨውና እሁድ አገጩ ላይ ሦስት አራት ቦታ ሶፍት ለጥፎ ዘመረ። ሰኞ ሲገባ «ኢንጂነር፣ የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ጸልየውልሻል» አለኝ።

ሳምንቱ ከባድ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ የወፍጮ ቤቶች ሥራ ይጠብቀኛል፣ አርባው እየቀረበ ነው። ሦስት ዓይነት ዝርግ ሞከርኩ፤ ሁሉም በሚወርድ ውሃ ይጸዳል፣ በቆመ ውሃ አይጸዳም። ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ፤ ስለ ድግሱ ሊነግረኝ ነው። እኔ ግን ስለ መላጫው ጮህኩበት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «እማዬ እኮ አትፈታውም ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«ስታስታጥበው። ምላጭ ስትቀይር ነው የምትፈታው። በየመሃሉ ግን እጀታውን ግማሽ ዙር ብቻ ታላላውና ታራግፈዋለች፣ ከዚያ ታጠብቀዋለች። እኔ ፎጣ ያዥ ስለነበርኩ አይቻለሁ። አባዬን ታስቀው ነበር፤ ሲላላ ድምፁ ይንሸዋሸዋል።»

ይህን የነገረኝ አባቴን ሊወስድ ክፍል ያዘጋጀ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ የወላይታው ልጅ ማሽኑን አስነስቶ ያላየ መሰለ።

ማላላት። መፍታትም አይደለም፣ ማጥበቅም አይደለም። እናቴ ዓይን ስለነበራት ምላጩ ሲላላ ወዴት እንደሚሄድ ታያለች፤ እኔ ደግሞ ምላጩ የትም እንዳይሄድ ማድረግ አለብኝ። ዝርጉ ላይ ሁለት አጫጭር ችንካሮች ተከልኩ፤ በምላጩ መሃል ባለው ቀዳዳ ስለሚያልፉ ምላጩ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይንሸራተትም። ቆቡና ዝርጉ መካከል ሲለቀቅ የሚዘረጋ ትንሽ የሽቦ ሞላ አስገባሁ፤ እጀታው ግማሽ ዙር ሲላላ ሞላው ቆቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ጸጉሩ በላይም በታችም መውጫ ያገኛል። ከግማሽ ዙር በላይ እንዳይዞር መቆሚያ ሠራሁለት። ሲጠብቅ «ቋ» ይላል፤ «ቋ» ካላለ አልተዘጋም ማለት ነው። የምላጩን ደንዳና ጫፎች ከቆቡ በግራና በቀኝ ወጣ አደረግኋቸው፤ መቀየር ሲፈልግ ቆቡን ያነሳና ስለቱን ሳይነካ በጫፎቹ ይይዘዋል። በእጀታው ላይ ደግሞ የትኛው ወገን ማላሊያ፣ የትኛው ማጥበቂያ እንደሆነ በጣት እንዲታወቅ ጎላ ያሉ ነጥቦች አወጣሁበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ምስኪን ልጅ ይዤው ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ «ሙሉ ፊቴን ካልሆነ አልቀመጥም» ብሎ አስምሎኝ ነው የተቀመጠው። አባቴ መላጫውን ተቀበለና ገና ሳይነክረው እጀታው ላይ ቆመ። በግራ እጁ ሌባ ጣት ደጋግሞ አሸው፤ የቀኙ ገና አልዳነም።

«ይህ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም። ምልክት ነው።»

«በእኛ ፊደል እንዲህ የሚባል የለም። እዚህ ጋ ፊደል ልትጽፊ ጀመርሽና ግማሹን ተውሽው፤ እዚህ ደግሞ የማይነበብ ነገር አለ። የመምህር ልጅ ሆነሽ በየቀኑ የተሳሳተ ፊደል ልታስነብቢኝ ነው?»

የወላይታው ልጅ አረፋው እስኪረግፍ ሳቀ። ነጥቦቹን እዚያው በሞረድ አጥፍቼ በቦታቸው አንድ ጭረት ብቻ አደረግኩ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለስን። ልጁ ላጨ፣ አባቴ አላላ፣ ሳፋ ውስጥ ነከረ፣ አራገፈ፣ አጠበቀ፤ «ቋ»። ዳሰስኩት፤ ንጹሕ ነው። ደግሞ ላጨ፣ ደግሞ አላላ። ልጁ ሙሉ ፊቱ ጸድቶ ተነሳ። አባቴ ግን መላጫውን አልሰጠኝም። ሲያላላና ሲያጠብቅ፣ ሲያላላና ሲያጠብቅ አመሸ።

በአርባው ዋዜማ ወንድሜ ከሱሉልታ መኪናውን ይዞ መጣ። አባቴ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ ሻንጣውን ራሱ አስይዞኝ፣ ልብሱን እያንዳንዱን እየዳሰሰ አስታጥፎኝ፣ መኪናው ላይ አስጫነው። እኔም ራት አልበላ ብሎኝ ቀረ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት አባቴ በርጩማውን ራሱ አውጥቶ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ። ረጅሙን ጢም በመቀስ አሳጠረ። ነጩ ጸጉር መሬት ላይ ሲወድቅ ሁለታችንም እናየው ነበር፤ እሱ ግን ሥራው ላይ ነው። ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ቀባ። ግራ እጁ ቀደመ፣ ምላጩ ተከተለ። የአርባ ቀን ጢም ገራም አይደለም፤ ሲሸረከት ይሰማል። አንዴ እንደሳበ ክንዱ ወደ ግራ ሊሄድ ነቅነቅ አለና ቆመ። ወደ ሳፋው መለሰው። አላላ፣ ነከረ፣ አራገፈ፣ «ቋ»። እኔ እጆቼን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ቆሜያለሁ፤ ካልደበቅኋቸው ሄደው መላጫውን ይቀሙታል። ወንድሜ ከደረጃው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ጉንጩን ጨረሰ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ፈራሁ፤ ቆዳው ላልቷል፣ እናቴ ነበረች እዚያ ላይ ሳብ የምታደርግለት። ራሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ቆዳውን ወጠረው። ቀስ ብሎ ወረደ። አላላ፣ ነከረ፣ አራገፈ። በስተመጨረሻ ጣቶቹን ፊቱ ላይ ሁሉ አዞረ፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአገጭ ሥር እስከ አንገት። ከዚያ ወንድሜን ጠርቶ «ና ዳስሰኝ» አለው።

ወንድሜ ተነስቶ መጣ። የአባታችንን ጉንጭ በመዳፉ ያዘው፣ በአውራ ጣቱ አገጩ ሥር ፈለገ። «የቀረ የለም» አለ።

በቃ፤ አለቀ። አባቴ ሰበታ ይቀራል። ይህን ያደረገው የእኔ መላጫ ነው፤ ኩራት ተሰማኝ፣ ደስ አለኝ፣ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አባቴ ግን ከበርጩማው አልተነሳም። መላጫውን ለመጨረሻ ጊዜ አላላና፣ በሳፋው ፈንታ፣ ክንዱን ወደ ግራው ዘረጋ። ዘርግቶ ቆየ።

በግራው ማንም የለም። እንደማያስፈልግ፣ ራሱን እንደሚያጸዳ፣ ለዚሁ ስል ስንት ነሐስ እንዳበላሸሁ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱም ይህን ሁሉ ያውቃል። ረስቶ እንዳልዘረጋው ከፊቱ አየሁ።

ወንድሜ ወደ ቤት ገባና ኩስኩስቷን ይዞ ወጣ። ከእናታችን ሞት ወዲህ ማንም አልነካትም። ከበርሜሉ ሞልቶ በአባታችን በስተግራ ቆመና መላጫው ላይ ውሃ ማንቆርቆር ጀመረ። ንጹሕ መላጫ ላይ ንጹሕ ውሃ ይወርዳል። የላላው ቆብ እጁ ላይ ይንሸዋሸዋል። አባቴ ፈገግ ብሎ እንባው በተላጨው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ወንድሜም ያለቅሳል። ያን ጊዜ ውሃ ከመጣ ስንት ቀን ሆኖት ነበር፣ በርሜሉም ወርዷል፣ ለድግሱም ይፈለጋል። ኩስኩስቷ ባዶ እስክትሆን ድረስ ሁለቱም በቃ አላሉም፤ እኔም ውሃ ባከነ አላልኩም።